ጆሃንስበርግ፦ ከቦሌ አምስት ሰዓት፣ ከሻንቶ ሦስት ወር

ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ ጆሃንስበርግ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ጥያቄው ለቲኬት ቢሮ ሠራተኛ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የአየር ርቀት 4,070 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ቀጥታው በረራ አምስት ሰዓት ከሩብ፣ የማረፊያው ወረፋ ካስቸገረ ደግሞ አምስት ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ለዕቃ ግዢ ዱባይ የሚመላለስ የመርካቶ ነጋዴ ርቀቱን በሚያውቀው ሊለካው ይችላል። ዱባይ 2,520 ኪሎ ሜትር፣ አራት ሰዓት ያህል ናት። ናይሮቢ 1,160 ኪሎ ሜትር፣ ሁለት ሰዓት ናት። ጆሃንስበርግ እንግዲህ በአየር ከዱባይ የምትርቀው በአንድ ሰዓት ከሩብ ብቻ ነው።

መንገዱን ለጀመረ ሰው አንድ ነገር መንገር ይገባል። የጆሃንስበርግ ሰዓት ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ነው። ቲኬት ላይ የሚታተመው የመነሻም የመድረሻም ሰዓት በየከተማው የሚቆጥረው ሰዓት ስለሆነ፣ አንዱን ከሌላው የቀነሰ ሰው ሲሄድ አራት ሰዓት ከሩብ፣ ሲመለስ ስድስት ሰዓት ከሩብ የበረረ ይመስለዋል። ሁለቱም ስሕተት ነው። በዚያው ከሰዓት በኋላ ቀጠሮ የያዘ ነጋዴ ይህንን ሳያሰላ ቢቀር የሚጎዳው ራሱን ነው። ቦሌ ላይ ከበረራው በፊት የሚጠፋውን ሦስት ሰዓት፣ እዚያም ኢሚግሬሽንና ሻንጣ የሚበሉትን አንድ ሰዓት ቢደምሩበት ጠቅላላው ጉዞ ከአሥር ሰዓት አይዘልም። ጠዋት አዲስ አበባ ቁርሱን የበላ ሰው እራቱን ጆሃንስበርግ ይበላል ማለት ነው።

ከሶዶ በስተሰሜን፣ ከሐድያ ዞን ጋር በሚዋሰነው የዳሞት ፑላሳ ወረዳ ዋና ከተማ በሻንቶ ይኸው ጥያቄ ሲነሣ ግን መልሱ በሰዓት አይሰጥም። የሚሰጠው በኬላ ነው፤ ሞያሌ፣ ናይሮቢ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ፣ አንዳንዴም በዛምቢያና በዚምባብዌ በኩል። በመኪና መንገድ ሲቆጠር ርቀቱ ከ5,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የቀናው በጥቂት ሳምንት ይገባል። ያልቀናው ሦስት ወርም ስድስት ወርም በየመጋዘኑ፣ በየጫካውና በየእስር ቤቱ ይቆያል። ሁለቱ ተጓዦች የሚሄዱት ወደ አንድ ከተማ ነው፤ ምናልባትም ወደ አንድ መንገድ፣ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ሱቅ በሱቅ ወዳደረጉት ጄፒ ስትሪት።

ታዲያ በአምስት ሰዓትና በሦስት ወር መካከል ያለው ልዩነት ከምን መጣ? ማንስ ይከፍለዋል? ጉዳዩ እስካሁን ሲነገር የኖረው በፖሊስና በሐዘን ዜና በኩል ነው። ይሁን እንጂ ዋጋ ያለው፣ ሻጭና ገዢ ያለው፣ ብድርና ወለድ ያለበት ገበያ ነውና በገበያ ዓይን መታየትም ይገባዋል።

ደላላው የሚሸጠው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ደላላው የሚሸጠው መጓጓዣ ይመስለዋል። መጓጓዣ ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ ከገበያ በወጣ ነበር። አየር መንገዱ ያንኑ መንገድ ወንበር፣ ምግብና ኢንሹራንስ ጨምሮ በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል። ደላላው ሰውን በጭነት መኪና ላይ ደርድሮ፣ አስርቦና አስጠምቶ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃል። የከፋው ዕቃ ከተሻለው ዕቃ በብዙ እጥፍ ተወድዶ የሚሸጥበት ገበያ ሲገኝ፣ የሚሸጠው ነገር በስሙ የሚጠራው እንዳልሆነ መጠርጠር ተገቢ ነው።

ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት (አይ.ኦ.ኤም.) በ2001 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት በየዓመቱ ከ17,000 እስከ 20,000 የሚደርሱ ኢትዮጵያውያንና ሶማሊያውያን ወንዶች በአሻጋሪዎች አማካይነት ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደሚገቡ፣ አሻጋሪዎቹም ከዚሁ ሥራ በዓመት 40 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ያህል እንደሚሰበስቡ ገምቶ ነበር። ገንዘቡ ለተጓዡ ቁጥር ሲካፈል በነፍስ ወከፍ ከ2,000 እስከ 2,350 ዶላር ይደርሳል። በአየሩ ርቀት ቢሰላ ለአንድ ኪሎ ሜትር 50 የአሜሪካ ሳንቲም ግድም መሆኑ ነው። በምድር ላይ ካሉት እጅግ ውድ መጓጓዣዎች አንዱ እንግዲህ በሞዛምቢክ ጫካ የሚሄድ የጭነት መኪና ነው! ግምቱ ዓመታት ያለፉት ቢሆንም ያንጊዜ የታየው የዋጋ ሥርዓት እንዳለ ነው፤ ቁጥሩ ወደ ላይ ወጣ እንጂ ወደ ታች አልወረደም።

የሚሸጠው ወረቀት ነው። በትክክል ለመናገር የወረቀት አለመኖር ነው። ኢትዮጵያዊ ወደ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም፤ ስለዚህም ከሞያሌ እስከ ናይሮቢ ያለው መንገድ ፓስፖርት ለያዘ ሰው የአውቶቡስ ዋጋ ብቻ ያስከፍላል። ከናይሮቢ በታች ያለው ግን ሌላ ነው። ደቡብ አፍሪካ ቪዛ ትጠይቃለች፤ ለቪዛው የባንክ ሒሳብ መግለጫ፣ የግብዣ ወይም የንግድ ደብዳቤ፣ የመመለሻ ትኬት ይፈለጋል። የሻንቶ ገበሬ ልጅ የባንክ ሒሳብ የለውም፤ ያለው በሬ ነው። በሬ ደግሞ በኤምባሲ መስኮት አይታይም። ደላላው ቆሞ የሚጠብቀው እዚህ ክፍተት ላይ ነው። አየር መንገዱ ቪዛ የሌለውን ሰው ማሳፈር ስለማይችል አምስት ሰዓቱ ይዘጋና ሦስት ወሩ ይከፈታል።

ይህን ያልተረዳ መንግሥታዊ ዘመቻ «ደላላን እናጥፋ» እያለ ይጮኻል። ሕጉ የለም አይባልም፤ በሰው መነገድንና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ማሻገርን የሚቀጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ከባድ ነው። ነገር ግን ማንኛውም የእህል ነጋዴ እንደሚያውቀው፣ አቅርቦቱ ተዘግቶ ፍላጎቱ ከበረታ አንድ ደላላ ሲታሰር የሚቀጥለው ደላላ የእስሩን አደጋ ዋጋው ላይ ጨምሮ ይመጣል።

አንድ ቀን አንድ ሺህ ብር

የሻንቶ ቤተሰብ ገንዘቡን ከየት ያመጣዋል? ወላይታ በአገሪቱ ሕዝብ ከተጨናነቀባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ የብዙው ገበሬ ይዞታ ግማሽ ሄክታር እንኳን አይሞላም። በዚያች መሬት ላይ እንሰት፣ በቆሎ፣ ቦሎቄ፣ ጎደሬና ስኳር ድንች ተጠጋግተው ይበቅላሉ። ጥሬ ገንዘብ የሚባለው ነገር በዋናነት የሚገኘው ከደለበ ሰንጋ፣ ከቡናና ከአቮካዶ ነው። ዝንጅብልም አንድ ሰሞን የቦሎሶን አካባቢ አበልጽጎ ነበር፤ በ2004 ዓ.ም. የገባው የባክቴሪያ አጠውላጊ በሽታ ግን ያንን ገቢ ከሥሩ ነቀለው። ዝንጅብሉ በጠፋ ማግስት የወጣቱ ዓይን ወደ ደቡብ ቢያማትር የሚያስገርም አይደለም።

ስለዚህ ልጅ ለመላክ የተነሣ ቤተሰብ በመጀመሪያ ሰንጋውን ይሸጣል። ቀጥሎ የዕቁብ ዕጣ ያስቀድማል። ከዚያም መሬቱን በወለድ አገድ ያስይዛል፤ አበዳሪው ገንዘቡ እስኪመለስለት እያረሰ ምርቱን ይወስዳል። የጎደለውን አራጣ አበዳሪ ይሞላዋል። ባንክ ለእንዲህ ዓይነት ጉዞ አያበድርም፤ እሱስ ትክክል ነው።

አሁን እርሳስ ይነሣ። ለማሳያ ያህል የደላላው ዋጋ የዛሬ ዓመታቱ 2,000 ዶላር ብቻ ነው ይባል፤ ዶላሩም በ150 ብር ይመንዘር። 300,000 ብር ይመጣል። ቤተሰቡ ይህንን በወር አሥር በመቶ አራጣ ቢበደር ወለዱ በወር 30,000 ብር ነው። በቀን 1,000 ብር መሆኑ ነው። ልጁ በአውሮፕላን ቢሄድ ከሻንቶ አዲስ አበባ ያለውን 300 ኪሎ ሜትር ያህል የአውቶቡስ መንገድ፣ አንድ የአልጋ ሌሊትና በረራውን ጨምሮ በሁለት ቀን ይደርሳል፤ ወለዱ 2,000 ብር። በረራው ብቻውን፣ አምስት ሰዓት ከሩቡ፣ 220 ብር የማይሞላ ወለድ ነው የሚቆጥረው። በምድር ሦስት ወር ቢፈጅበት ግን አንድ ራንድ ሳያገኝ ገና 90,000 ብር ዕዳ ተጨምሮበታል፤ ወለዱ ወለድ የሚወልድ ከሆነ 99,300 ብር። ከተበደረው ገንዘብ ሲሶ ያህሉን መንገድ ላይ ጊዜ በላው ማለት ነው። ለዚህ ገንዘብ ደላላው ደረሰኝ አይቆርጥም፤ ሒሳቡም ውስጥ አያስገባው።

በዚህ ላይ ኢኮኖሚስቶች የታለፈ ዕድል ዋጋ የሚሉት አለ። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ጉልበተኛ ከእርሻው ቀርቷል። በወለድ አገድ የተያዘው መሬት የአንድ ወቅት ምርት ለሌላ ጎተራ ገብቷል። የተሸጠው ሰንጋ እስከ ጊፋታ በዓል ቢቆይ ኖሮ ሊያወጣ የነበረው ትርፍ ቀርቷል። ርቀት በኪሎ ሜትር ብቻ ለለመደ ሰው እነዚህ አይታዩትም፤ ነጋዴ ግን ሊያያቸው ይገባል። ከሞጆ እስከ ጅቡቲ ወደብ በየቀኑ የሚቆም ኮንቴይነር የሚያስከፍለውን የሚያውቅ አስመጪ፣ ሰውስ ሲቆም ምን ያስከፍላል ብሎ ቢጠይቅ ከሙያው አልወጣም።

ስለ ምንዛሪውም አንድ ቃል። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ «የደላላው ዋጋ በእጥፍ ይጨምራል» ያሉ ነበሩ። ደላላው ግን ድሮም ከባንክ አይመነዝርም ነበር። ሲቆጥር የኖረው በጥቁር ገበያው ዋጋ ነውና የባንኩ ዋጋ ሲወጣ ለእሱ አዲስ ነገር አልነበረም። አዲስ የሆነው ለቤተሰቡ ነው፤ ማዳበሪያውም ዘይቱም አብረው ሲወደዱ በብር ያጠራቀመው ቀለለበት።

ያልደረሱት

ከላይ ያለው ስሌት ሁሉ ልጁ ይደርሳል ብሎ የተነሣ ነው። በሰኔ 2004 ዓ.ም. ታንዛኒያ ዶዶማ አካባቢ በአንድ የጭነት መኪና ውስጥ ታፍነው ከ40 በላይ ኢትዮጵያውያን ሞቱ። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. ከማላዊ የመጣ መኪና ሞዛምቢክ ቴቴ ላይ ሲፈተሽ በኮንቴይነሩ ውስጥ የ64 ሰዎች አስከሬን ተገኘ፤ በሕይወት የተረፉት 14 ናቸው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ማላዊ ምዚምባ ላይ በአንድ ጉድጓድ የተቀበሩ ከ20 በላይ ሰዎች ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች እንደሆኑ ተገመተ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን፣ ሉሳካ ዳርቻ መንገድ ዳር የተጣሉ የ27 ሰዎች አስከሬን ተነሣ። ቴቴ ከጆሃንስበርግ በአየር አንድ ሰዓት ከምናምን ናት።

ዕዳው ከሟቹ ጋር አይቀበርም። መሬቱ በወለድ አገድ እንደተያዘ ይቆያል፤ አራጣውም ይቆጥራል። አንድ የሶዶ ባለሱቅ ያከሰረው ዕቃ ቢኖር ሱቁን ዘግቶ ወደ ሌላ ንግድ ይገባል። እዚህ ግን የከሰረው ዕቃ ልጅ ነው፣ ያስያዙት ዋስትናም የሚቀጥለው ልጅ የሚያርሰው መሬት ነው። አንዳንዱ ቤተሰብ የመጀመሪያውን ዕዳ ለመክፈል ሁለተኛውን ልጅ እስከ መላክ ይደርሳል።

«ሕንፃውን አታይም ወይ?»

ተቃራኒው ክርክር ጠንካራ ነውና ሊናቅ አይገባም። በሆሳዕናም በሶዶም በደቡብ አፍሪካ ገንዘብ የቆመ ሕንፃ፣ የተገዛ ሚኒባስ፣ የተከፈተ የግንባታ ዕቃ መደብር አለ። የሻንቶ ወጣት ደላላውን የሚያምነው በየዋህነቱ ሳይሆን የጎረቤቱን ቆርቆሮ ቤት በዓይኑ ስላየ ነው። በግማሽ ሄክታር መሬት ላይ ከአራት ወንድሞች ጋር የሚካፈል ሰው ሦስት ወር ተሠቃይቶ ሱቅ እከፍታለሁ ቢል ምን ይባላል? መንግሥት የተሻለ አቅርቦ እምቢ አላለም።

ክርክሩ የሚደክመው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ ሕንፃ የሚታየው የደረሰው ሰው ሕንፃ ነው። ያልደረሰው ሰው ሕንፃ ስለሌለው አይታይም። ዕጣ የወጣላቸውን ብቻ ቆጥሮ ሎተሪ ያዋጣል እንደማለት ነው። ሁለተኛ፣ ጆሃንስበርግ መድረስ ገበያው ውስጥ ለመቀመጥ ዋስትና አይሆንም። በግንቦት 2000 ዓ.ም. በውጭ ዜጎች ላይ የተነሣው ሁከት ከ60 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. እና በነሐሴ 2011 ዓ.ም. መጨረሻ እንደገና ተነሥቶ የኢትዮጵያውያን ሱቆች ተዘረፉ፣ ተቃጠሉ። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ደግሞ በምግብ መመረዝ ሕፃናት መሞታቸውን ተከትሎ ፕሬዚዳንት ራማፎሳ ስፓዛ የሚባሉት የሰፈር ሱቆች ሁሉ በ21 ቀን ውስጥ እንዲመዘገቡ አዘዙ፤ ቀነ ገደቡም በኋላ እስከ የካቲት 21 ቀን ተራዘመ። ለመመዝገብ ሕጋዊ የመኖሪያ ወረቀት ያስፈልጋል። በጫካ የገባ ሰው ሱቁን በምን ስም ያስመዘግብ? በሞዛምቢክ በኩል የዘለለው ወረቀት ከዓመታት በኋላ በሱቁ በር ላይ ቆሞ ጠበቀው። ያኔም ደግሞ ሌላ ደላላ አለ፤ ስሙን የሚያከራይ፣ ፈቃድ የሚያወጣ።

እንደ ኢንቬስትመንት ቢመዘን ታዲያ ይህ ምን ዓይነት ንግድ ነው? ካፒታሉ ሙሉ በሙሉ በብድር ነው፤ ወለዱ ከመድረሱ በፊት ይጀምራል፤ ደረሰኝ የለም፤ ኢንሹራንስ የለም፤ ተረካቢው አገር በማንኛውም ቀን ሱቁን ሊዘጋ ይችላል። እንዲህ ያለ የሥራ ዕቅድ ለአንድ አክሲዮን ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ ቢቀርብ አቅራቢው እየተሳቀበት ይወርድ ነበር።

ዳጣው ይበራል

የሚያስቆጨው ነገር እዚህ ላይ ነው። ኢትዮጵያ በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ኪጋሊ ላይ የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነትን ፈርማለች፤ በቀጣዩ ዓመትም ምክር ቤቱ አጽድቆታል። ደቡብ አፍሪካም የስምምነቱ አባል ናት። ይህ ስምምነት የሚመለከተው ንግድን ነው። በዚያው በ2010 ዓ.ም. ጥር ወር አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ ኅብረት ሰዎች በነፃነት እንዲዘዋወሩ የሚፈቅድ ሌላ ፕሮቶኮል አጽድቆ ነበር። እሱ ግን ሥራ ላይ እንዲውል 15 አገሮች ሊያጸድቁት ሲገባ፣ ያጸደቁት በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከሁለቱ ሰነዶች አንዱ ሮጠ፣ አንዱ ተኛ። ውጤቱም ግልጽ ነው፤ የወላይታ ዳጣ፣ ቅቤና ቡና ወረቀቱ ከተሟላ በአምስት ሰዓት ከሩብ ጆሃንስበርግ ሊደርስ ይችላል፤ ዳጣውን የፈጨችው ሴት ልጅ ግን ሦስት ወር ይሄዳል።

ኢትዮጵያ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለአፍሪካውያን ሁሉ ቦሌ ላይ ሲደርሱ ቪዛ መስጠት ጀመረች። የደቡብ አፍሪካ ነጋዴ ጠዋት ተነሥቶ ማታ አዲስ አበባ ሊገባ ይችል ነበር ማለት ነው። የሶዶ ነጋዴ በምላሹ ተመሳሳይ በር አላገኘም። በዲፕሎማሲ ቋንቋ አጸፋ የሚባል ነገር አለ፤ ይህንን ጠይቆ ማስገኘት የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥራ ነው። ለሁሉም ሰው ይከፈት ማለት ዛሬ የማይታሰብ ሊሆን ይችላል። ለንግድ ፈቃድ ባለቤቶች የብዙ ጊዜ መመላለሻ ቪዛ ግን የማይታሰብ አይደለም። ወደ ውጭ አገር ሠራተኛ የሚላክባቸው ስምምነቶችም እስካሁን ያተኮሩት በዓረብ አገሮች ላይ ነው፤ ወንዱ የሐድያ፣ የከምባታና የወላይታ ልጅ በእግሩ የሚሄድባት ደቡብ አፍሪካ ከዝርዝሩ ውጭ ናት።

እስከዚያው ግን ነጋዴው ራሱ የሚያደርገው አለ። ጄፒ ስትሪት ላይ ኢትዮጵያዊ ደንበኛ በብዛት አለ፤ ቅመም፣ ቡና፣ የአገር ልብስ ይፈልጋል። አንድ የሻንቶ ገበሬ ብቻውን ቪዛ ላያገኝ ይችላል። ሃያ ቤተሰብ ለሃያ ደላላ የሚከፍለውን ገንዘብ አዋጥቶ በሕግ የተቋቋመ ማኅበር ቢሆን፣ ንግድ ፈቃድ ቢያወጣ፣ የባንክ ሒሳብ ቢከፍት፣ ኤምባሲ የሚጠይቀውን ወረቀት የሚያሟላ አንድ ሁለት ወኪል ሊያቀርብ ይችላል። ከላይ በተያዘው ስሌት የሃያ ቤተሰብ ገንዘብ 6,000,000 ብር ነው። በዚህ ገንዘብ ሶዶ ላይ የዳጣ ማቀነባበሪያ መትከል ወይም አቮካዶ ሰብስቦ መላክ ይሞከራል፤ ቢከስር እንኳን የሚከስረው ገንዘብ ነው። እዚህ ላይ «ቪዛ ቢከለከልስ?» ይባል ይሆናል። ሊከለከል ይችላል። የተከለከለ ቪዛ የማመልከቻ ክፍያውን ያስቀራል፤ የተቀረው 300,000 ብር በሒሳቡ ውስጥ ነው።

ለዚህ ገጽ አንባቢ ደላሎችም የሚባል አለ። የቤትና የመኪና ደላላ ኮሚሽኑን የሚቀበለው ሻጭና ገዢ ከተስማሙ፣ ውሉ ከተፈረመ በኋላ ነው፤ ዕቃው ሳይሸጥ ቢቀር ድካሙ የራሱ ነው። የሰው አሻጋሪው በየኬላው እየተነሣ ይቀበላል፤ ልጁ ታግቶ ተጨማሪ ገንዘብ ከቤተሰብ ሲጠየቅም ገንዘቡ የሚያልፈው በዚያው ሰንሰለት ነው። ሁለቱ በአንድ ስም መጠራታቸው ለመጀመሪያው ስድብ ነው። በሶዶም በአዲስ አበባም ያሉ ሕጋዊ ደላሎች ይህንን ስም ለማስከበር ሲነሡ አልታየም። አንዳንዱም ቤት ሲያሻሽጥ ገዢው ገንዘቡን ከየት እንዳመጣው አይጠይቅም።

ሻንቶ መናኸሪያ ላይ ቢለጠፍ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ አንድ ወረቀት አለ። ከአዲስ አበባ ጆሃንስበርግ 4,070 ኪሎ ሜትር፣ አምስት ሰዓት ከሩብ። የሳምንቱ የደርሶ መልስ ትኬት ዋጋ። የደቡብ አፍሪካ ቪዛ ማመልከቻ ክፍያና የሚያስፈልጉ ሰነዶች። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ፣ ከጉዞው አሥር ቀን በፊት የተወሰደ። ከግርጌውም በምድር የሚሄድ ሰው የአራጣ ወለድ፣ በቀን። የወረዳው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ወይም የሶዶ ነጋዴዎች ማኅበር ይህንን በአማርኛና በወላይትኛ አሳትሞ በየሳምንቱ ዋጋውን ቢያድስ፣ ለጊፋታ ሰንጋ በሚሸጥበት ሰሞን፣ ጥሬ ገንዘብ ከገበያ ወደ ቤት በሚገባበትና ደላላውም ቤት ለቤት በሚዞርበት ጊዜ፣ አባትየው ከመጨባበጡ በፊት የሚያነበው ዋጋ ይኖረዋል።